ጋሼ ፕላስቲክ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ዛሬም ያው ነው። አውቶቡሱ ሞልቶ ቆሜ መጣሁ። ጉልበቴ ገና ከጠዋቱ ማማረር ጀመረ። የልምምድ ክፍሉ በር ደግሞ እንደ ልማዱ አልከፈት አለ፤ ሁለት ተማሪዎች በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱልኝ።

የመርፌ አወጋግ ጀመርን። አልጋው ላይ የተኛው አሻንጉሊት ያው የድሮው ነው... አንድ ጣቱ ተቆርጧል፣ ክንዱ ከመወጋት ብዛት ወንፊት ሆኗል። ተማሪዎቹ "ጋሼ ፕላስቲክ" ይሉታል። የሥራውን ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። የመጀመሪያው "ለታካሚው ሰላምታ ስጥ፣ የምትሠራውን ንገረው" ይላል። እሱን እለፉት አልኳቸው። ፕላስቲክ ምን ይሰማል? ተማሪው ብዙ፣ አሻንጉሊቱ አንድ፣ ጊዜ የለ። በቀጥታ ከእጅ መታጠብ ጀመርን።

የመጀመሪያዋ ተማሪ መርፌውን ስትሰካ፣ እኔ ጥጥ ላነሳ ዞር ስል ጋሼ ፕላስቲክ ተናገረ።

"እህቴ፣ ቀስ በይ እንጂ! ባለፈውም እዚሁ ጋ ነው የወጉኝ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ማነው?" አልኩ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መጠየቁስ ለምን አስፈለገኝ? ዘለግላጋው ነው። ከኋላ ቆሞ ጭንቅላቱ ከሁሉም በላይ ይታያል፤ ፊቱን ላየው ሰው ምንም የማያውቅ ጨዋ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው የሚያወራው... የት ተማረው?

ግማሾቹ ሳይሞክሩ ሰዓቱ አለቀ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዝም ብሎ መቆምን ሞከርኩ። ድሮ ይሠራ ነበር። እጄን አጣጥፌ ስቆም ክፍሉ ራሱ አፍሮ ጸጥ ይላል። የዘንድሮዎቹ እረፍት የሰጠኋቸው መሰላቸው። አንዷ ስልኳን አወጣች። አንዱ ብስኩት ከፈተ። ጋሼ ፕላስቲክ ደግሞ፣

"ሲስተር እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ቀስ ብላችሁ ውጡ" አለ።

እኔም ልስቅ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ነው የተረፍኩት። የተናደድኩት በኋላ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው... ደግሞ በራሴ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ደከመኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

በእረፍት ቀናችን ስልጠና ጠሩን። "የሚረብሹ ተማሪዎች አያያዝ።" አሠልጣኙ ልጅ እግር ነው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ። ተማሪው አጠገብ ሄደው ይቁሙ። በሰው ፊት አያሳፍሩት፣ በግል ያነጋግሩት... ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው የላቦራቶሪ አስተማሪ ማንኮራፋት ጀመረ። አሠልጣኙ ሰማና ድምፁን ከፍ አደረገ። እንዴት ሳቄን እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት ስገባ እህቴ ማሽኗ ላይ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሳሎናችን ግማሹ የሷ ነው።

"እትዬ፣ ምን አስተማሩሽ?"

"ተማሪ ዝም ማሰኘት።"

"ውይ፣ ለኔም አስተምሪኝ! ደንበኞቼ ልብሳቸውን ሲለኩ ባላቸውን አምተው አይጨርሱም።"

"እኔኮ የምሬን ነው። ሰለቸኝ።"

"እንግዲያው ጡረታ ውጪና ቁልፍ ትከይልኝ።"

ቀልዷን ነው። ግን ቁልፍ መትከል ራሱ ዛሬ አማረኝ። ቁልፍ አይናገር።

ሰኞ፣ የካቲት 9

በግል አነጋገርኩት። ደረጃው ሥር፣ ማንም በሌለበት።

"ለምንድነው የምትረብሸው?"

"ይቅርታ ሲስተር።"

"ይቅርታ በል አላልኩህም። ለምን ነው ያልኩህ?"

"አይለመደኝም ሲስተር።"

አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያ ቁመቱ ተጣጥፎ ሲመልስ አንጀቴን በላው። ስልጠናውም ለካ ይሠራል ብዬ ነበር።

ከሰዓት ጋሼ ፕላስቲክ ሳል ያዘው። ውሃ አምጡልኝ አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

የዛሬውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ተራው የዝምተኛዋ ነበር። ከፊት የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ አቤት ማለት እንኳ የሚያሳፍራት ልጅ ናት። መርፌውን ይዛ ጎንበስ ስትል ጋሼ ፕላስቲክ "ዋይ! ገደለችኝ!" ብሎ ጮኸ። ደነገጠችም፣ ሳቀችም። እጇ ሸርተት አለና መርፌው የራሷ አውራ ጣት ውስጥ ገባ። ጓንቷ ቀላ። ከዚያ ለቅሶ...

መርፌው አዲስ ነው፣ ሰው አልነካም። እሱን አውቃለሁ። ግን ነገ ሆስፒታል ውስጥ ቢሆንስ? ከታመመ ሰው ክንድ የወጣ መርፌ ቢሆንስ? በዚህ አይቀለድም። በምንም ይቀለድ፣ በዚህ አይቀለድም!

"ውጣ!" አልኩት። አልኩት ሳይሆን ጮህኩበት። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየኝ። ዘለግላጋው ቦርሳውን ሳያነሳ ወጣ። አልሳቀም።

ደንባችን ግልጽ ነው። በረብሻ የተባረረ፣ አስተማሪው ካልፈረመለት አይመለስም። መጋቢት ሲገባ ለልምምድ ሆስፒታል እንወጣለን። ያ ልምምድ ያመለጠው ዓመቱን ይደግማል። ስለዚህ የልጁ ዓመት አሁን የኔ እስክሪብቶ ላይ ነው። ማን እዚያ ላይ አስቀምጥልኝ አለው?

ሐሙስ፣ የካቲት 12

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠራኝ። "ሲስተር፣ ጥሩ አደረጉ! ለሌሎቹም መቀጣጫ ይሆናል። እንዳይፈርሙ።" እሱም የድሮ ተማሪዬ ነው። በጊዜው ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ ስንቴ ወድቋል... ረስቶታል።

ዝምተኛዋ ጣቷን በፕላስተር አሽጋ መጣች። ደህና ናት።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ጸጥታ!

ምን ልበል... እንዲህ ያለ ክፍል አስተምሬ የማውቅ አይመስለኝም። እጅ ታጠቡ፣ ጓንት አጠለቁ፣ ደም ሥሩ እንዲወጣ ክንዱን በጎማ አሰሩ፣ ጠረጉ፣ ወጉ፣ ጥጥ ያዙ። የሚሰማው የጓንት ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም ተራ ደረሰው። እንዲያውም ሰዓት ተረፈን። ጋሼ ፕላስቲክም እንደ ፕላስቲክ ተኝቶ ዋለ።

ወጥቼ ሳይ ዘለግላጋው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እግሩ መንገዱን ዘግቶታል። ሲያየኝ ሰበሰበው።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ቢሮ መጣ። በሩን አንኳኩቶ፣ "ሲስተር፣ ልግባ?" ብሎ። አጎንብሶ ነው በሩን የሚያልፈው።

"ልጅቷን ይቅርታ ጠይቀሃል?"

"የዚያኑ ዕለት። ... ጣቷን ሳይ እኔም አለቀስኩ፣ ሲስተር።"

"እሺ፣ አሁንስ ትነግረኛለህ? ለምንድነው?"

ወደ በሩ ዞረ። መሄዱ ነው ስል፣ "ዝም ሲል ሬሳ ይመስለኛል" አለ።

"ማን?"

"ጋሼ ፕላስቲክ። ዓይኑን አፍጥጦ ዝም ሲል... ሲናገር ግን ይሻለኛል። አፌ ሳላስበው ነው የሚቀድመኝ።"

"ሬሳ የምትፈራ ከሆነ ነርስነት ምን አስመኘህ ታዲያ?"

"እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው" አለና ሳቅ አለ። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። ምኑን ነው የማስብበት?

ዓርብ፣ የካቲት 27

የልምምዱ ስም ዝርዝር ዛሬ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ዘለግላጋው የለበትም።

እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ሰው ቢጠይቀኝ "ሕግ ሕግ ነው" እላለሁ፣ "የልጅቷ ጣት" እላለሁ። እዚህ ግን ማንን ልዋሽ? ጸጥታውን ስለወደድኩት ነው። ሁለት ሳምንት ራሴን ሳያመኝ ቤቴ ገባሁ። ያቺን ላጣት አልፈለግኩም።

እህቴ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት። ዝናብ ሲዘንብ ነው የዋለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ቀን። ነጭ ገዋናቸውን ለብሰው ተሰልፈው ሲገቡ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደረቴን ነፋ አደረግኩ።

ደስታዬ እስከ መስኮቱ አልጋ ድረስ ነው የቆየው። እዚያ የተኙት አንዲት እማማ ናቸው፤ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያደሩ፣ ዓይናቸው ግን ሁሉን ያያል። ዝምተኛዋ እጇን ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ ሄደች። ሄደችና ምንም ሳትል ክንዳቸውን አነሳች። ጎማውን አሰረች። በጥጥ ጠረገች። እማማ ፊቷን ያዩታል፣ እሷ ክንዳቸውን ታያለች። መርፌውን ስታነሳ፣

"የኔ ልጅ" አሏት፣ "ክንዴ ብቻውን አልመጣም። እኔም አለሁ።"

ልጅቷ መርፌውን ዝቅ አደረገች። ወደ እኔ ዞረች። ምን ልርዳት? ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ... ያው ነው። አንዱ ተማሪ የሰውየውን እጅ ሳይነግራቸው ስቦ ከአልጋው ሊጥላቸው ምንም አልቀረው። ሦስተኛውም ጋ ያው። ሁሉም እጁ ልክ ነው፣ አፍ ግን የለውም። አንድም "እንደምን አደሩ" የለም! አንድም "ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል" የለም!

የሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ነርስ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ናት። ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ፣ "ምነው፣ ልጆችሽን ምላሳቸውን ቤት አስቀምጣችሁ ኑ አልሻቸው እንዴ?" አለችኝ።

አዎ። እንደዚያ ነው ያልኳቸው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ዝምተኛዋን ጠየቅኳት። "ሰላምታ እንኳ እንዴት ይጠፋሻል፣ ልጄ?"

"ሲስተር... እለፉት ብለውናል እኮ።"

ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ በራሴ አፍ እለፉት ያልኩ እኔ ነኝ። የማይሰማ አካል መውጋት አስለመድኳቸው፤ አሁን የሚሰማ ሰው አግኝተው ግራ ገባቸው። እኔ ራሴ ታማሚን ሳላናግር መርፌ አንስቼ አላውቅም። ይሄን ለማን አስተማርኩ?

ከዚያ ልጅቷ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። "የዚያን ቀን እጄ ድሮም ይንቀጠቀጥ ነበር ሲስተር። እሱ ሲጮህ ደነገጥኩ፣ እውነት ነው። ግን እሱ 'አመመኝ' ሲል ነው ሰው እንደምወጋ ትዝ የሚለኝ።"

አጥፍቷል። አሁንም አጥፍቷል እላለሁ። ግን ያንን አሻንጉሊት ሰው ያደረገው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ አስወጣሁት።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሳይሰጠኝ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ይሉኝታ አያውቅም።

"ልፈርምለት ነው" አልኩ።

"ሲስተር! ስም ዝርዝሩ ከሄደ ሳምንቱ። ደግሞስ እርስዎ አይደሉም ያባረሩት?"

"እኔ ነኝ። ያኔም ልክ ነበርኩ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አሁን ያስፈልገኛል። ክፍሌ ተበላሽቷል።"

"ጸጥ ብሏል ሲሉኝ አልነበር?"

"እሱኮ ነው የተበላሸው።"

ልቧን ነካት እንዴ የሚል አስተያየት አየኝ። አልለቀቅኩትም። ወንበሩን እያስደገፈ ሲወድቅ እኔ እንዳላባረርኩት አስታወስኩት። ሳቀ... ቀላም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ፈቀደ። የሆስፒታሉን ልምምድ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ያካክስ፤ ግን ብቻውን አይገባም፣ አስተማሪ አብሮት ይቁም።

"አስተማሪ ማን?" አልኩ።

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

ቅዳሜዎቼ ሄዱ። እስከ ሰኔ ድረስ። ፈረምኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ሰኞ ሰኞ አሁንም የልምምድ ክፍሉ ውስጥ ነን፤ ዘለግላጋው ተመለሰ። ክፍሉ አጨበጨበ። "ዋ! አንድ ሰው መርፌ ይዞ ሳለ ብትቀልድ እኔው እጅህን ይዤ ነው የማስወጣህ" አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ ሥራ ሰጠሁት። መርፌ ሳይነሳ በፊት ሁሉም ጋሼ ፕላስቲክን ሰላም ይበል፣ የሚሠራውን ይንገረው፤ አንተ መልስለት አልኩ።

ይኸው! አፉ ተያዘ። ቆሞ ላቡ መጣ። "እ... ደህና ነኝ" አለ፣ በገዛ ድምፁ፣ እንደ ፈተና። ማንም አልሳቀም። ሳይፈቀድለት ስንቱን ሲያወርደው የነበረ ልጅ፣ ሲፈቀድለት ደረቀ። ሳቄ መጣ፤ አዘንኩለትም።

ዝምተኛዋ አልጋው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። "እንደምን ዋሉ?" ብላለች፣ የሚመልስላት ጠፋ። ማን ይመልስ? መለስኩ።

"ምን ደህና አለ ልጄ..." አልኩ። ድምፄን አልቀየርኩም፣ አልችልበትም። "ደክሞኛል።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኛው ጸጥታ አይደለም፤ ሌላ ነው።

ዝምተኛዋ አሻንጉሊቱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ከዚያ ዝቅ አለችና ጣት የጎደለውን እጅ ያዘች።

"የት ጋ ነው የሚያምዎት?"

"ጉልበቴን" አልኩ። "ያለማቋረጥ ነው። ለማንም አልናገር እንጂ።"

"አይዞዎት። አሁን ክንድዎን ትንሽ እወጋዎታለሁ፣ ቶሎ ነው የምጨርሰው።"

ዕንባዬ መጣ። ያረጀ ፕላስቲክ ሆኜ ሳለቅስ ሊያዩኝ ነው ብዬ ወደ ጥጡ ዞርኩ። ከኋላ ጋሼ ፕላስቲክ በዚያ በድሮ ድምፁ፣ "ሲስተርን ወንበር ስጧቸው እንጂ፣ እኔማ ተኝቻለሁ" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወንበሩንም አመጡልኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

እማማ ዝምተኛዋን "ዛሬስ ከነአፍሽ መጣሽ" አሏት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

የመጀመሪያው ቅዳሜያችን። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ ተቀምጬ ሄድኩ። ዘለግላጋው በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ልኩ የሆነ ገዋን አልተገኘለትም፤ ጉልበቱ ላይ ቀርቷል።

ከወንዶቹ ክፍል ጥግ ላይ አንድ አባት አሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ቆይተዋል። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፣ አያይም። የደም ግፊታቸውን ለካ አልኩት። መለኪያውን ይዞ አልጋው አጠገብ ደረሰና ቆመ።

"ሲስተር... ምንም አይሉም።"

"አውቃለሁ።"

"ዝም ብለዋል እኮ።"

ከኋላው ሄጄ ቆምኩ። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ለተማሪ ከሁሉ አብልጬ የተናገርኩት ቃል "ዝም በል" ሳይሆን አይቀርም።

"አንተ አውራቸዋ" አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ... እንደምን አደሩ? ተማሪ ነኝ። ክንድዎን ላነሳ ነው። ጨመቅ ያደርግዎታል፣ ወዲያው ይለቃል።" በራሱ ድምፅ ነው። እሳቸውን ሆኖ አልመለሰም። መልስ የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆየና ክንዳቸውን አነሳ። የነገረኝን ቁጥር እኔም ለክቼ አየሁት፤ ትክክል ነው።

"ጨረስን ጋሼ። አመሰግናለሁ።"

ከዚያማ ማን ያቁመው! የገዋኑን ማጠር ነገራቸው። ውጭ ፀሐይ እንደሆነ ነገራቸው። ትራሳቸውን እያስተካከለ፣ አንሶላቸውን እየሳበ ያወራላቸዋል። ተረኛዋ ነርስ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ሲስተር፣ ይሄን ልጅ ዝም አታሰኚውም?" አለችኝ።

"ተይው፣ ያውራ" አልኳት። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።